ለገ ዲማ በሄደበት

ወንዝ ቤቱን ለቆ ሲሄድ ያየሁት በሰባት ዓመቴ፣ በነሐሴ ወር ነው። ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ስንነሳ ለገ ዲማ በቦታው አልነበረም። ትናንት ከቡርቃ መንደር ወዲያ ማዶ ሲፈስ የዋለው ወንዝ፣ ዛሬ ከቡርቃ ወዲህ፣ በእኛና በእነሱ መካከል ባለው የማሽላ ማሳ ላይ ተንጣሎ ይሄዳል። ማሽላው የለም። ወደ ቡርቃ የምንሄድበት የእግር መንገድም የለም። ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ አፉን ይዞ ቆሟል፤ የሚያለቅስም የሚጮህም አልነበረም። እኔ የእናቴን ነጠላ ይዤ፣ ለካ ወንዝም ሲሰለቸው ቤት ይቀይራል ብዬ ተደነቅሁ።

ለገ ዲማ በኦሮምኛ ቀዩ ወንዝ ማለት ነው። ከደጋው ቀይ አፈር ጠርጎ ይወርድና በጨፋ ሜዳ ላይ ተንከላውሶ ቦርከና ይገባል። መንደራችን ቱሉ አዲ ከኮረብታው ግርጌ ነው። ከእኛ ቀጥሎ ሜዳው ላይ ቡርቃ አለ፤ የእናቴ አገር፣ ሰባት አጎቶቼ ከነልጆቻቸው የሚኖሩበት። ከቡርቃ ቀጥሎ ወንዙ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ሾላ ውሃ። ሾላ ውሃዎች አማርኛ ይናገራሉ፣ እኛ ኦሮምኛ፤ ገበያ ላይ ሁላችንም ሁለቱን እየቀላቀልን እንጣላለን፣ እንታረቃለን። እንግዲህ በዚያ ጠዋት ቡርቃ ከነቤቱ፣ ከነመስጊዱ፣ ከነከብቱ ወንዙን ተሻግሮ ከሾላ ውሃ ጋር ቀረ።

እናቴ ሰዒዳ ከዳር ቆማ ታናሽ ወንድሟን ቶፊቅን ተጣራች።

«ቶፊቅ፣ ነጋ ቡልታኒ፣ በሰላም አደራችሁ? ሁላችሁም አላችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አለን» አለ ከማዶ። «የሄደው ወንዙ ነው እንጂ እኛማ እዚሁ ነን።»

ሰው ሳቀ። የአባቴ አባት፣ አያቴ ሸህ ሙህዲን ግን አልሳቁም። አያቴ አባጋር ነበሩ፤ ጠብ የሚያበርዱ፣ ደም የሚያደርቁ፣ ድንበር የሚያስማሙ ሽማግሌ። ከዘራቸውን ተደግፈው ውሃውን ብዙ ጊዜ ሲያዩት ቆዩና «ሱብሃነላህ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ለራሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ደግሞ መጣ» አሉ። እኔ ከጎናቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። ውሃው ውስጥ እሳቸው ብቻ የሚያዩት ሰው ያለ መስሎኝ ነጠላውን አጥብቄ ያዝኩ።

አያቴን አባዬ እላቸው ነበር። የእኔ ሥራ በየሶላቱ ሰዓት እብሪቃቸውን ሞልቶ ማቅረብ ነው። እብሪቁ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ጎኑ የተጨረመተ የቆርቆሮ ማስታጠቢያ ነበር። «አባዬ፣ ውሃ ይኸው» እላለሁ፤ «ውሃሽ አይጥፋ» ይሉኛል። በቀን አምስት ጊዜ የሚመረቅ ልጅ በመንደሩ ሌላ ስላልነበረ ራሴን ከባለሥልጣን ነበር የምቆጥረው።

አባቴ ሙሀመድኑር የከብት ሐኪም ነው። የክትባቱን በረዶ ሳጥን ተሸክሞ ከጨፋ እስከ ሰንበቴ ያልረገጠው በረት አልነበረም። በዓመቱ ግንቦት ምርጫ ስለነበር በግሉ ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረ። ከብት በበሽታ ባለቀ ቁጥር «ለበላይ አካል እናሳውቃለን» ሲባል መስማት ሰልችቶት ነበር፤ የሚያሳውቀው ሰው እሱ ራሱ ይሁን ተባለ። ለምን እንደተወዳደረ ሲጠየቅ ግን «ከብቱን ከትቤ ጨረስኩ፤ አሁን ወደ ባለቤቶቹ ልለፍ ብዬ ነው» ይል ነበር።

የምርጫ ምልክቱ ቅል ነበር። ተፎካካሪዎቹ «ባዶ ቅል» እያሉ ቀለዱበት። አጎቶቼ ደግሞ እልህ ይዟቸው በየደጃፋቸው ቅል ሰቀሉ፤ ቡርቃ ከዳር እስከ ዳር ቅል በቅል ሆነ። ሌሎቹ ቀበሌዎች ድምፃቸውን እኩል ለእኩል እንደሚከፍሉ፣ ቡርቃ ያዘነበለለት ሰው እንደሚያልፍ ትልቁም ትንሹም ያውቅ ነበር። ቡርቃ ደግሞ የእኛ ነው። እናቴ አዲስ አበባ የምንኖርበትን ቤት በሐሳቧ ጠርጋ ጨርሳ ነበር።

አባዬ ስለ ምርጫ ሲነሳ ይስቁ ነበር። «በጃንሆይ ጊዜ አውራጃው በሙሉ አንድ ላይ ነበር የመረጠው፤ የመረጥነውን ሰውዬ መልኩን ያየ የለም። ደርግ መጣና ሸንጎ ብሎ ከደገኛው ጋር ሰፋን። እሱ ሲሄድ ከደገኛው ቀደው ከቆላው ጋር ሰፉን። እኛ ከተቀመጥንበት ንቅንቅ ሳንል ሦስት አገር ዞርን።» እኔ ይህን ስሰማ፣ ሰው ሲተኛ መንደር አንስተው ሌላ ቦታ የሚያስቀምጡ ሰዎች ያሉ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ወጥቼ ኮረብታው በቦታው መኖሩን አያለሁ።

እነዚያ ሰዎች በየካቲት መጨረሻ በነጭ መኪና መጡ። ሦስት ነበሩ። መነጽር ያደረገው አንድ ትልቅ ወረቀት አውጥቶ በመኪናው ኮፈን ላይ ዘረጋ፤ ነፋስ እንዳይወስደው አራቱን ጫፍ በድንጋይ ጫነው። «ይሄ ቦርከና ነው» አለ በጣቱ። «ይሄ ቱሉ አዲ፣ ይሄ ቡርቃ።» በሰዎች እግር መካከል ሾልኬ አየሁት። አገራችንን አጥፈው በመኪና ይዘው መዞራቸው ለእኔ ከወንዙም በላይ ተአምር ነበር። ቤታችንን ፈለግሁ፤ አላገኘሁትም። ሌሎቹ እንዳያውቁብኝ ዝም አልኩ።

ሰውየው የመጣበትን ተናገረ። ወረቀቱ ላይ የምርጫ ክልላችን ወሰን «ለገ ዲማ ወንዝን ተከትሎ» ይላል። ካርታው የተሠራው ግን ከጎርፉ በፊት ነው። አሁን የትኛው ለገ ዲማ ይያዝ? አሮጌው መሄጃ ከተያዘ ቡርቃ ከእኛ ጋር ይቆያል። አዲሱ ከተያዘ ከሾላ ውሃ ጋር ተደርቦ በጎረቤት ምርጫ ክልል ይመርጣል። «እኛ ለአገሩ እንግዳ ነን» አለ። «የድንበሩን ነገር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይመስክሩ፤ የተስማማችሁበትን እንጽፋለን።» ቀጠሮው ለሚመጣው አርብ ሆነ።

ሁሉም ወደ አባዬ ዞረ። ከብዙ ዓመት በፊት ለገ ዲማ መንገዱን በቀየረ ጊዜ የድንበሩን ነገር ከፈጸሙት ሽማግሌዎች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ የሾላ ውሃዎቹ በሙሉ ሞተዋል። አጎቴ ቶፊቅ እጁን እያፋተገ «እንግዲያው አለቀ» አለ። «የአባጋር ቃል እያለ ምን ያስቸግራል።»

ሰውየው ከመሄዱ በፊት በቀይ እርሳስ ካርታው ላይ ሁለት ነጠብጣብ መስመር አሰመረ። ያን ለት ማታውን የበልግ ዝናብ ደጋው ላይ ጣለና በማግስቱ ለገ ዲማ ደም መስሎ ወረደ። እኔ እርሳሱ ነው ያቀላው ብዬ አመንኩ፤ እየሮጥኩ ሄጄም እጄን ነከርኩ። ዛሬ ከሚሴ ውስጥ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ ካርታ ንባብ ሳስተምር ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፣ ይስቁብኛል። እኔ ግን ካርታ የዚያን ጠዋት ያህል አስደንቆኝ አያውቅም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የዓስር ሶላት ሊደርስ ሲል እብሪቁን ሞልቼ አባዬን ፍለጋ ወደ ጥጃ ጋጥ ሄድኩ። አባቴ አንድ የታመመ ጥጃ አጋድሞ ይዟል። አባዬ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። የሚያወሩት ቀስ ብለው ስለነበር ልጅ ያልተጠራበት ወሬ መሆኑ ገባኝና ከአጥሩ ጀርባ ቆምኩ።

«ሙሀመድኑር።»

«አቤት አባዬ።»

«እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ። ሰውም ያውቃል። ትናንት የቶፊቅ የመጨረሻ ልጅ ስም ጠፍቶኝ ዋለ።»

«ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል።»

«ሰማንያ የሞላው ሰው ቢረሳ የሚታዘበው የለም።» አጥሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «አርብ ዕለት... ልርሳ ወይ ልጄ?»

አባቴ ወደ ጥጃው ጎንበስ አለ። መርፌውን ወጋ፣ ነቀለ፣ የወጋበትን ቦታ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፣ ጥጃውን ለቀቀው። ጥጃው ተነስቶ ወደ እናቱ ሄደ። አባቴ ከተንበረከከበት ሳይነሳ «አባዬ፣ አይርሱ» አለ። «በአላህ ይዤዎታለሁ፣ አንዷንም እንዳይረሱ።»

አባዬ እጃቸውን አባቴ ራስ ላይ አሳረፉ። አባቴ ያለቅስ ነበር። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እናቱ ስትሞት እንኳ አላየሁትም።

ነገሩ ለእኔ ፀሐይ የሞቀው ነበር። አባዬ እርጅና እያሸነፋቸው ነው፤ አርብ ዕለት ለአባቴ የሚመሰክሩትን ቃል ይረሱታል ብለው ፈርተዋል፤ አባቴ ደግሞ እንዳይረሱ እየለመናቸው ነው። አላህ ለዚህ ሥራ እኔን እንደመረጠኝ ገባኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እብሪቁን ባቀረብኩ ቁጥር «አባዬ፣ ውሃ ይኸው» ብዬ «አይርሱ ደግሞ» እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ደንግጠው አዩኝ። ከዚያ በኋላ «አልረሳም ልጄ» ማለት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ይህን ሲሉ ፊታቸው ሳይታጠቡ ረጥቦ አየሁት፤ ዓይናቸውን ያማቸዋል ብዬ ለእናቴ ነገርኩ።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ወዳጃ ሆነ። በእኛ አገር ትልቅ ነገር ያለ ወዳጃ አይቆረጥም፤ ሽማግሌዎቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ጫት ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቀጥሎ ነው ነገሩ የሚነሳው። በዚያ ክብ ውስጥ የዋሸ ሰው ዘሩ አይባረክም ይባላል። ሾላ ውሃዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ውሃውን ተሻግረው መጡ። አጎቶቼ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ባለመነጽሩ ሰውዬ ደብተሩን ጭኑ ላይ አኑሯል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ነበርኩ፤ በልቤ አይርሱ አይርሱ እላለሁ።

ዱዓው አልቆ አሚን ከተባለ በኋላ አባዬ ተነሱ። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ ተናገሩ።

«ያኔ ለገ ዲማ ወደ እናንተ ነበር የዞረው» አሉ ወደ ሾላ ውሃዎቹ ዞረው። «በላይኛው በኩል ያለውን የእናንተን ጨፌ ከነሣሩ ቆርጦ ወደ እኛ ጣለው። እኛ ውሃው ሰጠን አልን፤ እናንተ የአባታችን ነው አላችሁ። ተጋደልን። ከእናንተም ከእኛም ነፍስ ጠፋ። ደሙ የደረቀ ዕለት በዚሁ ዋርካ ሥር ተቀምጠን እንዲህ ተባባልን፤ ድንበሩ ውሃው ባለበት ነው። ወዲህ ቢመጣ ወዲህ፣ ወዲያ ቢሄድ ወዲያ። ውሃ የሰጠውን ሰው አይነጥቅም፣ ውሃ የወሰደውን ሰው አያስመልስም። እናንተ ያን ቃል አክብራችሁ ጨፌያችሁን ለቃችሁ ሄዳችሁ። ከብታችን እስከ ዛሬ እዚያ ይግጣል።»

ከዘራቸውን ወደ ማዶ አነሱ። 

«ዛሬ ተራው የእኛ ነው። ድንበሩ ውሃው ባለበት ነው። ቡርቃ ወዲያ ነው።»

ባለመነጽሩ ጻፈ። ከሾላ ውሃዎቹ አንዱ፣ አያ አብዱሰላም የሚባሉ ረጅም ሰው፣ ተነስተው መጡና የአባዬን ትከሻ ሳሙ፤ ሲስሙም ከአንገታቸው ቶሎ ቀና አላሉም። እኔ ሲያሸንፉን የተደሰቱ መሰለኝ። አጎቴ ቶፊቅ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለው። እናቴ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። አባቴን ፈለግሁት፤ ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ብቻውን ቆሟል።

ረሱ አልኩ በልቤ። ያን ያህል አሳስቤያቸው ረሱ።

ግንቦት ላይ አባቴ በሁለት መቶ አሥራ አንድ ድምፅ ተሸነፈ። ቡርቃ ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ስምንት መራጭ ነበር፤ ሁሉም በሌላ ጣቢያ፣ ስማቸውን ከማያውቋቸው ሰዎች መካከል መረጡ። አጎቶቼ ቅሎቹን ከየደጃፉ አውርደው ወተት ናጡባቸው። አባቴ የበረዶ ሳጥኑን አንስቶ ወደ ከብቶቹ ተመለሰ፤ «እነሱ የትኛው ክልል ነህ ብለው አይጠይቁም» ይል ነበር። ሰው ይስቅ ነበር። እኔ አልስቅም። እኛ ቤት የመጣው ሐዘን ባለቤቱ ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጥግ ላይ ተቀምጦ ተስቢህ የሚቆጥር ሽማግሌ ነው።

አንድ ቀን እናቴ ገበያ፣ አባቴ ሥራ ሄደው ቤት ውስጥ እኔና አባዬ ብቻ ነበርን። የዙህር ሶላት ደረሰ። እብሪቁን ይዤ ወጣሁና ከጎተራው ሥር፣ ዶሮ እንኳ የማይገባበት ቦታ ወሸቅሁት። ጋኑም ባዶ ነበር፤ ውሃ ያለው ወንዝ ነው፣ ወንዙ ድረስ ደግሞ ጉልበታቸው አይችልም።

«ዓፊያ፣ ውሃ ልጄ» አሉ።

ዝም አልኩ። ደገሙኝ። ከበሩ ውጭ ተቀምጬ እግሬን አያለሁ። አባዬ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ እንደምንም ተነስተው ሁለት መዳፋቸውን ከግድግዳው አፈር ላይ መታ አደረጉ፣ ፊታቸውን አበሱ፣ እጃቸውን አበሱ። «ውሃ በሌለበት አፈር ይበቃል» አሉና ለሶላት ቆሙ። አልተቆጡኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ በጆግ ታቀርብላቸው ጀመር። እብሪቁ ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እኔም «አባዬ፣ ውሃ ይኸው» የሚለውን ቃል ዳግመኛ ከአፌ አላወጣሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ሞቱ። ቡርቃ ቅበሩኝ ብለው ተናዝዘው ነበር። ጀናዛቸውን ወንዙን አሻግረው ሲወስዱ ከዳር ቆሜ አየሁ። የአባቶቻቸው መቃብር ቱሉ አዲ እያለ፣ ሞተው እንኳ ወደ ማዶ ሄዱ አልኩ። አላለቀስኩም። የሆነው ይኸው ነው።

ከዚያ ምርጫ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ለምርጫ ሥራ አስፈጻሚነት ከሚሴ ላይ ሥልጠና ስንገባ የየምርጫ ክልሉ ቀበሌዎች ዝርዝር ታደለን። የእኛን ሳነብ ከታች «ለገ ዲማ ወንዝን ተከትሎ» ይላል። ቡርቃ የለም፤ በጎረቤቱ ዝርዝር ውስጥ ነው። የአባቴ ዕድል፣ የእናቴ የተጠረገ ቤት፣ የእኔ ቂም፣ ሁሉም ግማሽ መስመር በማይሞላ ጽሑፍ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በልጅነቴ እርሳሱን ያየሁበት መደነቅ ተመልሶ መጣብኝ። ቅዳሜ ቱሉ አዲ ሄድኩ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ጉልበቱን ፀሐይ ያስመታል። ወረቀቱን አሳየሁትና «አባዬ ያኔ ባይረሱ ኖሮ ይሄ ዝርዝር ሌላ ነበር» አልኩት።

«ማን ረሳ?» አለኝ።

የልጅነቴን ነገር ነገርኩት፤ የጥጃ ጋጡን፣ «ልርሳ ወይ» ያሉትን፣ እሱ የለመናቸውን። አባቴ መጀመሪያ የሚስቅ መሰለ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ልጄ፣ ከእኛም ነፍስ ጠፋ ያሉት የማን ነፍስ መሰለሽ? የገዛ ታናሽ ወንድማቸው ነው። ያን ቃል ያሰሩት በወንድማቸው ደም ላይ ነው። አሮጌው መሄጃ ይያዝ ቢሉ ቡርቃ ለእኔ ይቀራል፤ እኔም አዲስ አበባ እገባለሁ። ቃሉ ግን ይፈርሳል። ሾላ ውሃዎችም እንግዲያው ጨፌያችንን መልሱ ይላሉ፤ ማን ይከለክላቸዋል? ደሙ እንደገና ይረጥባል።»

«ታዲያ ልርሳ ወይ ያሉህ...»

«አባቴ ስለሆኑ ነዋ። አባጋር ሆነው ቢሆን ባልጠየቁኝ። ወላሂ፣ በዕድሜያቸው ሙሉ ለውሸት የቀረቡት አንድ ቀን ነው፤ እሱም ለእኔ ብለው።» ጉልበቱን አሸት አደረገ። «እኔም ፈልጌ ነበር። ከአፌ ‹ይርሱ› ሊወጣ ምን ያህል ቀርቶት እንደነበረ ጥጃው ይመስክር።»

 እነዚያን ሁለት ሰዎች በዚያ የጥጃ ጋጥ ውስጥ እንደገና አየኋቸው፤ አንዱ ለልጁ ነፍሱን ሊሸጥ ሲያቀርብ፣ ሌላው እያለቀሰ አልገዛም ሲል። እኔ ከአጥሩ ጀርባ እብሪቅ ይዤ ቆሜ አንዱንም አላየሁም ነበር። «እኔ ደግሞ በየሶላቱ አይርሱ እላቸው ነበር» አልኩት።

«ነግረውኛል። ሐሙስ ማታ ጠሩኝና ‹ልቤ ሲደክም ልጅቷ ውሃ ይዛ መጥታ አይርሱ ትለኛለች፤ አላህ በሷ አፍ እየያዘኝ ነው› አሉኝ።»

ማልቀስ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት የዘገየ ለቅሶ ስለሆነ ቶሎ አላቆመም። ሲወጣልኝ ዓይኔን በነጠላዬ ጠረግሁ።

«ቡርቃ የተቀበሩትስ?» አልኩት።

«‹ድንበሩን ያኖርኩት እኔ ነኝ፤ ዘመድ በሱ ምክንያት እንዳይቆራረጥ እዚያ ልተኛ። መቃብሬን ልትዘይሩ ስትሉ ትሻገራላችሁ› ብለው ነው።»

እውነትም ስንሻገር ነው የኖርነው። በየዓመቱ ለዚያራ ቱሉ አዲም፣ ቡርቃም፣ ሾላ ውሃም እዚያ መቃብር ዙሪያ አንድ ላይ ይቀመጣል። በክፉው ጊዜ እንኳ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በፈራበት ሰሞን፣ ለገ ዲማ ዳር ዱላ ያነሳ አልነበረም። እኔ ብቻ ነኝ ሁልጊዜ ምክንያት ፈልጌ የቀረሁት።

«እብሪቃቸውን የደበቅሁት እኔ ነኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«ያውቁ ነበር። እናትሽ ከጎተራው ሥር አግኝታ ልታወጣው ስትል ‹ተዪው፣ እሷ ራሷ ታምጣው› አሏት።»

እናቴ ከውስጥ ስትሰማ ኖሮ እብሪቁን ይዛ ወጣች። ጎተራው ሲፈርስ ወደ ቤት አስገብታው፣ እሳቸው ያሉትን ብላ ለማንም ሳትሰጥ አቆይታዋለች። ዝጓል፤ ሥሩ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አውጥቷል። እጄ ላይ አኖረችው።

ወደ ለገ ዲማ ወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ መሃል ላይ ቆምኩ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ወሰን በትክክል እግሬ ሥር ነበር። ከዚያው ቀዳሁ። ቀዳዳውን በጣቴ ይዤ ተሻግሬ በቡርቃ መካከል አለፍኩ፤ አጎቴ ቶፊቅ ከደጃፉ አየኝ፣ እብሪቁን አየ፣ ተነስቶ ከኋላዬ መጣ። መቃብሩ ጋ ስደርስ ውሃው ተንጠባጥቦ ግማሽ ሆኗል። ተንበርክኬ በራስጌያቸው በኩል ቀስ ብዬ አፈሰስኩት፤ አፈሩ ወዲያው ጠጣው።

«አባዬ» አልኩ። «ውሃ ይኸው።»